በሰም የታሸገችው ሶኬት

ሥልጣኔ ወደ አንድ አገር የሚገባበት በር ብዙ ነው። ለአንዱ በባቡር ሐዲድ ይመጣለታል፤ ለሌላው በስልክ ሽቦ። ወደ እኛ ወደ የካ ግን የገባው በሞተር ብስክሌት መሪ ሥር በተተከለች፣ ከስሙኒ ብዙም በማትበልጥ፣ ሁለት ቀዳዳ ባላት ጥቁር ሶኬት በኩል ነው። ይህን ታላቅ ታሪክ ለትውልድ ማስተላለፍ የእኔ ዕጣ ሆኗል፤ በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. ሞተሩ ንብረቱ በሆነው መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሹም እኔ ኃይለ መስቀል ነበርሁና። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ብጠራው ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ይቀናሉ።

መዝገብ ቤታችን እስከ ጣሪያ የሚደርሱ አምስት መደርደሪያዎች ነበሩት። ከሦስተኛው በላይ ያለ መሰላል አይደረስም። መሰላሉ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ የተሠራ፣ ባለ ሰባት እርከን፣ በፊርማዬ የተረከብሁት ንብረት ነበር። ከፍተኛ ጉዳዮችን ሁሉ በከፍተኛው መደርደሪያ አስቀምጥ ነበር፤ ከፍተኛ ጉዳይ ሰው እንዳሻው እየተነሣ የሚነካካው ነገር አይደለምና።

በግቢያችን ጥግ ሁለት ክፍል ያላት ክሊኒክ ነበረች። እዚያ ቁስል እያጠበ፣ መርፌ እየወጋ የሚሠራው ድሬሰር ሂርጳ ይባላል። የመንደሩ ሰው ዶክተር ይለዋል፤ እሱም ማረም ቢፈልግ እንኳ ለማረም ጊዜ አልነበረውም። መሥሪያ ቤቱ በሰጠው ሞተር ብስክሌት እሱ እየነዳ፣ አዋላጇ ሲስተር ሙሉነሽ ከኋላ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣ፣ ከየካ ሚካኤል በላይ ያለውን ተራራ ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ። የተራራው ቤቶች መስኮት የላቸውም። በክረምት እኩለ ቀን ላይ እንኳ ውስጣቸው ድቅድቅ ነው። ፋኖስ ይዘው ሲሄዱ ኮረኮንቹ ላይ ጋዙ ቦርሳው ውስጥ ይደፋና ፋሻው ሁሉ ጋዝ ይሸታል። የእጅ ባትሪ ሲይዙ ደግሞ የሚያበራላቸው ባልየው ነው፤ ባል ደግሞ ሚስቱ ስትጮህ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ብርሃኑም ከወላዷ ይልቅ ጣሪያውን ሲመረምር ይቆያል።

በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ሁለቱን እንቅልፍ የነሣቸው የወይዘሮ በለጡ ነገር ነበር። በለጡ የፈዬራ ሚስት ናት፤ ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባሕር ዛፉ መካከል ነው። አምና በክረምት የበኩር ልጇን ስትወልድ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ኖሮ፣ በዚያ ጨለማ ማንም ሳያይለት ሞተባት። ዘንድሮ ሁለተኛዋን ለነሐሴ ትጠብቃለች።

«ሂርጳ፣» አለችው ሲስተር ሙሉነሽ፣ «አምና በዳሰሳ ነው ያዋለድኳት። ዘንድሮ ዓይኔን ስጠኝ።»

ሂርጳ ጉርድ ሾላ አጠገብ መንገድ ዳር መኪና ወደሚጠግነው ወደ ነጅመዲን ሄደ። ሁለቱ ሆነው ከሞተሩ ባትሪ ላይ ሽቦ ጎትተው፣ በፊውዝ አሳልፈው፣ ከመሪው ሥር ሶኬት ተከሉ። ለመብራቱ የአሮጌ ካሚዮን አምፖል ተገኘ፤ ለአምፖሉ ቆብ የብስኩት ቆርቆሮ ተቆረጠለት። ሞተሩ በር ላይ ቆሞ ሲያጓራ፣ ስፒናው ሲሰካ፣ ስምንት ሜትር ሽቦ ብርሃኑን ይዞ እስከ መኝታው ይገባል። ሥራው ከምሳ በኋላ ተጀምሮ አሥር ሰዓት ላይ አለቀ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ታሪክ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ግን ሂርጳ በሥርዓት ያደገ ሰው ነው። በእኛ ዘንድ በጎ ነገር የሠራ ሰው ዝም ብሎ አይገለገልበትም፤ ለበላይ ያሳውቃል፤ በላይም ደስ ይለዋል። ስለዚህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ማመልከቻ ጻፈ። «ለወላዶች ብርሃን የሚሰጥ አንድ ሶኬት በሞተር ብስክሌቱ ላይ መትከሌን በታላቅ ትሕትና አስታውቃለሁ» የምትል አንዲት ገጽ ነበረች። እኔም ወጉን ጠብቄ ቁጥር ሰጠኋት፤ ሞ/ብ/ሶ/፩/፶፭። ወረቀት ቁጥር ካገኘች በኋላ ብቻዋን መኖር አትወድም። በሳምንቱ አሥራ አራት ሆነች።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሣህሌ ማመልከቻዋን ሁለት ጊዜ አነበቡና ካፖርታቸውን ደርበው፣ ሻርባቸውን ጠምጥመው ወደ ግቢው ወረዱ። መነጽራቸውን አውልቀው ሶኬቷን አዩ፤ መልሰው አድርገውም አዩ።

«ይህ ለመብራት ብቻ ነው?» አሉ።

«አዎ ጌታዬ፣ ለማዋለጃ መብራት ነው» አለ ሂርጳ።

«አሳብህ ጠባብ ነው ልጄ። ሕዝቡን የሚያነቃው ራዲዮ የት ይሰካ? ድምፅ ማጉያውስ? ቢሮዬ ያለው የኤሌክትሪክ ማራገቢያስ?»

ሂርጳ ሻርባቸውን አየና ስለ ማራገቢያው ምንም ላለማለት ወሰነ። «ጌታዬ፣ ራዲዮው ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ነው የሚፈልገው። ይቺ ስድስት ናት።»

አቶ ሣህሌ እንደ አባት ፈገግ አሉ። «በስድስት ጀመረች በል። ማን ሲወለድ ትልቅ ነበረ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

ይህ ንግግር እንደ ወረደ ተመዘገበ። የሶኬቷ ጉልበት በየዓመቱ በሃምሳ ቮልት እንዲያድግም እቅድ ወጣለት።

ቀጥሎ አጥኚ ኮሚቴ ተቋቋመ። አምስቱም አባላት ሞተር ብስክሌት ላይ ወጥተው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ይህም እንዳያዳሉ ታስቦ ነው። ኮሚቴው ሁለት ሳምንት ሙሉ በቅደም ተከተል ጉዳይ ተከራከረ። የግምጃ ቤቱ ሹም የጢም መላጫ ከሠራተኛ አስተዳደሩ ሹም ካውያ በፊት ይሰካ ወይስ በኋላ? የጢም መላጫው ባለቤት በዕድሜ ይበልጣሉ፤ የካውያው ባለቤት ደግሞ በማዕረግ። ሁለቱ ለሦስት ቀን ሰላምታ ተነፋፈጉ። በመጨረሻ ሁሉም በአገልግሎት ዘመኑ እንዲሰለፍ ተወሰነ። ራዲዮው የሥራ አስኪያጁ ስለሆነ አንደኛ ወጣ። የማዋለጃዋ መብራት የመሥሪያ ቤቱ ቋሚ ሠራተኛ ስላልነበረች ሰባተኛ ሆና ተሰለፈች።

ኮሚቴው ደንብም አወጣ። የደንቡ አራተኛ አንቀጽ የብስለት ሁሉ ቁንጮ ነው፦ «ውሃና ኤሌክትሪክ ጠበኞች ስለሆኑ፣ ዝናብ በሚዘንብበት ጊዜ ሞተር ብስክሌቱ የለበሰው ሸራ በማናቸውም ምክንያት አይገለጥም።» ይህን አንቀጽ አንባቢዬ በልቡ እንዲያኖርልኝ አደራ እላለሁ።

ሂርጳ ሥራ መጀመር ይችል እንደሆነ ሲጠይቅ አቶ ሣህሌ ደነገጡ።

«ሳትመረቅ?»

«ትሠራለችኮ ጌታዬ። እኔና ነጅመዲን ሞክረናታል።»

«ያልተመረቀ ነገር እንዴት አድርጎ ሥራ ይጀምራል? የክብር እንግዳ መጥቶ ሪባን ሳይቆርጥ? ሰው ምን ይለናል!»

እውነታቸውን ነው። ድልድይ ቢሆን፣ ጉድጓድ ቢሆን፣ የሰፈር ቦኖ ቢሆን ሪባኑ ካልተቆረጠለት ውሃው ራሱ መውረድ ያፍራል። ስለዚህ ሶኬቷ እስከ ምረቃው ቀን እንድትታሸግ ታዘዘ፤ ትዕዛዙም ለእኔ ደረሰ። ቀይ ሰም አቅልጬ ሁለቱን ቀዳዳ ደፈንሁና የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም መታሁበት። ቆንጆ ነበረ፤ የራሴ ሥራ ስለሆነ አይደለም። ሞተሩ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ግቢው መሐል አረንጓዴ ሸራ ለበሰ። የቀድሞ ወታደር የነበረው ዘበኛችን ዲንሳ ቀን ከሌት እንዲጠብቀው ተመደበ።

«እኛስ በምን እንሂድ?» አለ ሂርጳ።

«በእግር» አሉ አቶ ሣህሌ። «ሥልጣኔ መሥዋዕትነት ይጠይቃል።»

ሂርጳና ሙሉነሽም የሐምሌን ጭቃ በእግራቸው እያቦኩ ተራራውን መውጣት ያዙ። ምረቃው ለሐምሌ ፲፱ ተቆርጦ ነበር፤ የክብር እንግዳው፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጡት ትልቅ ሰው፣ መንገድ ወጡ። ወደ ሐምሌ ፳፱ ተዛወረ፤ እንግዳው ብርድ መታቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ነሐሴ ፲ ሆነ። ያን ጊዜ ሲስተር ሙሉነሽ ጫማዋ ላይ ካለው ጭቃ ጋር ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። እኔ ፋይል ይዤ ቆሜ ነበር።

«ጌታዬ፣ የበለጡ ቀን ደርሷል» አለች። «ምጥ ከያዛት ሞተሩን ይፍቀዱልን። አምና የሆነችውን ያውቃሉ።»

«ምረቃው ነሐሴ ፲ ነው። እስከዚያ ትታገሥ።»

«ምጥ ይታገሣል እንዴ?»

«ሰው ከቆረጠ የማይታገሠው ነገር የለም። ዋናው መንፈስን ማጽናት ነው፤ ትንፋሽን መያዝ፣ ሌላ ሌላ ነገር ማሰብ...»

ሲስተር ሙሉነሽ አራት ልጆች ወልዳለች፤ ስንቱን እንዳዋለደች ደግሞ ቁጥሩን ትታዋለች። እጅ ነሥታ ወጣችና በሩ ላይ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» አለች። እኔ አልሰማሁም፤ የመዝገብ ቤት ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይሰማም።

አቶ ሣህሌ ግን ጉዳዩን እንዲሁ አልተዉትም። ለወይዘሮ በለጡ ደብዳቤ አስጻፉ። «ምጥዎ ከምረቃው በዓል አስቀድሞ እንዳይጀምር አስፈላጊው ጥንቃቄ እንዲደረግ በጥብቅ እናሳስባለን» ይላል። ቁጥር ሰጥቼ ላክሁት። ይመስገን፣ ወይዘሮ በለጡ ፊደል ባትቆጥርም ትዕዛዝ የምታከብር ሴት ሆና ተገኘች። እስከ ነሐሴ ፲ ጠበቀች። ምጧ የጀመረው ነሐሴ ፲ ጠዋት ነው።

የዚያን ዕለት ግቢያችን ሌላ ግቢ መስሎ ነበር። ድንኳን ተተክሏል፤ ወንበር በየማዕረጉ ተደርድሯል፤ ፍልሰታ ስለሆነ የጾም ወጥ በየዓይነቱ ተሠርቷል። በሸራው ላይ ባለ ሦስት ቀለም ሪባን ተጋድሟል። ዲንሳ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ እንደ ምሰሶ ቆሟል። ሦስት ሰዓት ሲሆን ፈዬራ ከተራራው በሩጫ ወርዶ ገባ፤ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርሷል።

«ያ ዋቃዮ! ዶክተር፣ ያዛት!» አለ። «ውሃው ፈሷል!»

ሂርጳ ቀጥ ብሎ ወደ አቶ ሣህሌ ሄደ። እሳቸው ንግግራቸውን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያጠኑ ነበር።

«ሞተሩን ይስጡኝ ጌታዬ። ባንድ ሰዓት ተኩል እመልሰዋለሁ።»

«እንግዳው ከቤት ወጥተዋል ተብሎ ተደውሏል! ሞተሩን ብሰጥህ ምን ላስመርቅ ነው?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማ፣ ሰው በየቀኑ ይወለዳል። ምረቃ ግን በየቀኑ የለም።»

ሂርጳ ፈዬራን ይዞ ወደ መዝገብ ቤት መጣ። እኔ የምረቃውን ቃለ ጉባዔ አስቀድሜ እየጻፍሁ ነበር፤ በእኛ መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባዔ ከጉባዔው በፊት ይጻፋል፤ ስሕተት የሚበዛው ጉባዔው ላይ ነውና።

«ጋሼ ኃይለ መስቀል፣» አለኝ፣ «ያሸጉት እርስዎ ነዎት።»

«የታዘዝሁትን ነው ያሸግሁት። ጉዳዩ በሥራ አስኪያጁ...»

ፈዬራ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ በር ላይ ቆሟል። «ጌቶች፣» አለ፣ «ያምናውን ልጅ በዚህ እጄ ነው የቀበርኩት።»

እኔ በመዝገብ ቤት ሕይወቴ እንባም ልመናም ብዙ አይቻለሁ፤ ለሁሉም «ነገ ተመለስ» ብዬ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን አፈርሁ። ከልቤ አፈርሁ። ብዕሬን አስቀመጥሁና ተነሣሁ።

ወደ ዲንሳ ሄጄ «እንግዳው ሊደርሱ ነው፤ ፊትህን ወደ በሩ አዙረህ በተጠንቀቅ ቁም» አልሁት። ወታደር ነውና ዞረ። ካዞርሁት በኋላ ያደረግሁትን በቦታው እናገራለሁ። ለአሁኑ በዓሉ በታቀደለት ሰዓት መጀመሩን ልንገራችሁ፤ ማለትም አንድ ሰዓት ዘግይቶ።

የክብር እንግዳው ልክ አምስት ሰዓት ሲሆን ሪባኑ ፊት ቆሙ። አቶ ሣህሌ ንግግራቸውን ጀመሩ። «ክቡር ሆይ፣ ብርሃን ከጨለማ ይሻላል!» ሲሉ ጭብጨባው ግቢውን አናጋው። ቀጥለው ከሸራው ሥር ያለችው ሶኬት ራዲዮ እንደምታናግር፣ ካውያ እንደምታግል፣ ጢም እንደምትላጭ ዘረዘሩ። ስለ ወላዶች የሚናገረው ሰባተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ እንጦጦ ላይ የተንጠለጠለው ደመና ተዘረገፈ።

«ሸራውን ግለጡት፣ ልየው» አሉ እንግዳው፣ ጃንጥላ እየተያዘላቸው።

ታዲያ ለምን ደንብ አለን? ጎንበስ ብዬ «ክቡር ሆይ፣ አንቀጽ አራት አይፈቅድም። ውሃና ኤሌክትሪክ ጠበኞች ናቸው» አልሁ። አቶ ሣህሌ በአመስጋኝ ዓይን አዩኝ፤ የራሳቸው ደንብ በእንግዳ ፊት ሲጠቀስ ደስ አይላቸው ይሆን? እንግዳውም በሥርዓታችን ተደንቀው ሪባኑን ቆረጡ፤ ሸራውንም አብረው ሊቆርጡት ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ በመዳፋቸው ሸራውን መታ መታ አደረጉት።

«ጠንካራ ነው» አሉ። «ከውጭ የመጣ ነው?»

«የለም ክቡር ሆይ፣ በአገር ልጅ የተሠራ ነው» አልሁ።

«ግሩም ነው!» አሉ፤ ጭብጨባው እንደገና ተጀመረ።

አንዲት ቃል አልዋሸሁም። ከሸራው ሥር የነበረው፣ በሁለት የመዝገብ ሣጥን ላይ የተጋደመው፣ በአገር ልጅ እጅ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ የተሠራው ባለ ሰባት እርከን መሰላሌ ነበር። ሞተሩን ሂርጳና ፈዬራ ሙሉነሽ ቦርሳዋን አቅፋ ወደምትጠብቅበት በጓሮ በር እየገፉ አወጡት፤ ሰሙን በብዕር መቅረጫዬ የፈነቀልሁት እኔ ነኝ። ያሸገ እጅ ይፍታ።

በዚያችው ሰዓት፣ እንግዳው መቀሱን ሲያነሡ፣ ተራራው ላይ ሞተሩ በበለጡ ደጃፍ ቆሞ ያጓራ ነበር። ሲስተር ሙሉነሽ በኋላ እንደ ነገረችኝ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው፣ ፈዬራ ከብስኩት ቆርቆሮው ሥር አምፖሉን በሁለት እጁ ይዞ ነበር፤ እጁ እንደ ሌሎቹ ባሎች እጅ ቢንቀጠቀጥም፣ ብርሃኑ ብዙ ስለሆነ መንቀጥቀጡ አላስቸገረም። እትብቱ ዘንድሮም የሕፃኗ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ዘንድሮ ግን ታየ። ሙሉነሽ በሁለት ጣቷ አወለቀችው፤ ሕፃኗም በመሥሪያ ቤታችን ላይ ያላትን አስተያየት በታላቅ ጩኸት ገለጸች።

ማታውን ቃለ ጉባዔዬን ጨረስሁ። «ሶኬቷ ነሐሴ ፲ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. ልክ በአምስት ሰዓት ሥራዋን በይፋ ጀምራለች» ይላል። አቶ ሣህሌ ፈረሙበት። ከዚያ ግቢ ከወጡት ወረቀቶች ሁሉ ፍጹም እውነት የሆነው እሱ ብቻ ይመስለኛል።

በማግሥቱ አቶ ሣህሌ በመስኮት ሆነው ሂርጳ በሞተር ሲወጣ አዩት።

«ያ የማን ሞተር ነው?»

«የክሊኒኩ ነው» አልሁ።

«የተመረቀውስ?»

«የተመረቀው ከሸራው ሥር ነው። ዲንሳ ይጠብቀዋል።»

ፊታቸው በራ። «ስለዚህ ሁለት ሆኑ ማለት ነው!» አሉ፤ ለዋናው መሥሪያ ቤትም የሞተር ብስክሌቶቻችን ቁጥር በአንድ ዓመት ውስጥ በእጥፍ ማደጉን በደብዳቤ ገለጹ። ራዲዮው፣ ካውያውና የጢም መላጫው ዝናቡ እስኪያባራ ተብለው ቆዩ፤ ዝናቡ መስከረም ላይ ሲያባራ ባለቤቶቹ የወንበር ለውጥ ጉዳይ ይዟቸው ረስተዋቸዋል። ሂርጳና ሙሉነሽ ደግሞ ማንም ሳይፈቅድላቸውና ማንም ሳይከለክላቸው፣ በሰባተኛው ተራ ስንቱን የተራራ ቤት እያበሩ ዓመቱን ጨረሱ።

አሁን የቀረው የእኔ ችግር ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት በሥራችን ተደስቶ፣ ለሌሎች ቅርንጫፎች አርአያ እንዲሆን የሶኬቷን ፋይል በአስቸኳይ እንድንልክ ጽፏል። ፋይሉ ከፍተኛ ጉዳይ ስለሆነ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ያለ መሰላል አይደረስም። መሰላሉን ለማንሣት ብሄድ ዲንሳ ጠመንጃውን ወደረብኝ፤ የተመረቀ ንብረት ነውና አይነካም። ለአቶ ሣህሌ ሌላ መሰላል ይገዛልኝ ብዬ ባመለክት «ከመመረቁ በፊት እንዳትወጣበት» አሉኝ። እኔም በእኛ መሥሪያ ቤት ያልተመረቀ ነገር ሥራ እንደማይጀምር ድሮም አውቅ ነበር፤ ከተመረቀ በኋላ ሥራ የጀመረ ነገር እንደሌለ ግን የተረዳሁት ፋይሉን ቀና ብዬ እያየሁ ነው።